የፍጥነት ቲኬት በቨርጂኒያ፦ ስፒዶሜትርን አስለክቶ ዳኛ ፊት መቅረብ

የፍጥነት ቲኬት የተሰጠው ሰው ብዙውን ጊዜ ማታ ቤቱ ገብቶ በኢንተርኔት ከፍሎ ይገላገላል። በቨርጂኒያ ግን አስቀድሞ መክፈል ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ማመን ነው። ፖይንቱ (የጥፋት ነጥቡ) በዲኤምቪ፣ ማለትም መንጃ ፈቃድ በሚሰጠው የግዛቱ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ላይ ይገባል፣ ኢንሹራንሱም ያየዋል። ስለዚህ ካርድዎን ከማውጣትዎ በፊት አንድ ነገር ይጣራ፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያዩት የነበረው ቁጥር ትክክል ነበር ወይ?

ጥያቄው ዋጋ የሚኖረው በቨርጂኒያ ሕግ ምክንያት ነው። አንቀጽ 46.2-942 የስፒዶሜትር (የመኪናው ፍጥነት ማሳያ) ምርመራ ውጤት በመሐላ ተረጋግጦ ከቀረበ ፍርድ ቤቱ በማስረጃነት እንዲቀበለው ያዛል። ዳኛው ጥፋተኛነትን ሲወስንም ሆነ ቅጣቱን ሲመትር ወረቀቱን ማየት አለበት። ይህን የሚያውቅ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ከወረቀቱ ከሚገባው በላይ ይጠብቃል። ስፒዶሜትሩ ቢሳሳትም መኪናው በዚያ ፍጥነት መሄዱ አይቀየርም። ወረቀቱ የሚጠቅመው ቁጥሩ አንድ መስመር ላይ ሲንጠለጠል ነው፤ ከወንጀል ወደ ተራ የትራፊክ ጥፋት፣ ወይም ከ4 ፖይንት ወደ 3 ለማውረድ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታወቁት መስመሮቹ ናቸው።

ቲኬቱ ላይ ምን ተጽፏል?

የተሰጠዎት ወረቀት የፍርድ ቤት መጥሪያ ነው። ሲፈርሙ የገቡት ቃል በቀጠሮው ቀን እቀርባለሁ የሚል ብቻ ነው፤ ጥፋት አላመኑም። አራት ነገር ይፈልጉበት፦ የሕጉ አንቀጽ ቁጥር፣ የተጻፈው ፍጥነት ከተፈቀደው ጋር፣ የፍርድ ቤቱ ስምና ቀን፣ እንዲሁም አስቀድሞ መክፈል ይቻል እንደሆነ።

አንቀጹ 46.2-862 ከሆነ ይጠንቀቁ። ይህ «ሬክለስ ድራይቪንግ» ነው፤ እንደ ተራ ቅጣት የሚታይ ሳይሆን አንደኛ ደረጃ ሚስዲሚነር የሚባል ወንጀል ነው። ጣሪያው 12 ወር እስራትና 2,500 ዶላር ሲሆን ዳኛው መንጃ ፈቃድም እስከ 6 ወር ሊያግድ ይችላል። አስቀድሞ ከፍሎ መጨረስም የለም። አንድ ሰው በሁለት መንገድ ይገባበታል፤ ከተፈቀደው 20 ማይልና ከዚያ በላይ በማለፍ፣ ወይም የተፈቀደው ስንትም ቢሆን ከ85 ማይል በላይ በመንዳት። ሁለተኛው ቁጥር እስከ 2020 አጋማሽ ድረስ 80 ነበር፤ የድሮውን የሚያወራ ሰው ስላለ ግራ አይጋቡ።

በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። 65 በሚፈቀድበት መንገድ 84 ተራ የፍጥነት ጥፋት ነው፤ 85 ወንጀል ነው። 55 ላይ መስመሩ 75 ነው። ባለ 25 የሰፈር መንገድ ላይ 45 ይበቃል። ብዙ ሰው የሚጠመድበት ግን 70 የሚፈቅደው የሀይዌይ ክፍል ነው። እዚያ 86 የሚነዳ ሰው ያለፈው 16 ማይል ብቻ ቢሆንም ከ85 በላይ ስለሆነ ሬክለስ ይጻፍበታል።

ከወንጀሉ በታች ዲኤምቪ ከ1 እስከ 9 ማይል ላለፈ 3 ፖይንት፣ ከ10 እስከ 19 ላለፈ 4 ፖይንት ይይዛል። ሬክለስ 6 ፖይንት ሆኖ መዝገብ ላይ 11 ዓመት ይቆያል፤ ተራው የፍጥነት ጥፋት 5 ዓመት። ፖይንቱ ራሱ ግን በሁለት ዓመት ይወርዳል።

በፖስታ የመጣ የካሜራ ቲኬት ሌላ ነገር ነው። በቨርጂኒያ በትምህርት ቤት አካባቢና በመንገድ ሥራ ቀጠና ያሉት ካሜራዎች 10 ማይልና ከዚያ በላይ ያለፈን ይይዛሉ፤ ቅጣቱ ከ100 ዶላር አይበልጥም፣ ፖይንትም የለውም። ለዚያ ብሎ ስፒዶሜትር ማስለካት ኪሳራ ነው።

መኪናውን እንደነበረ ያቆዩት

ቲኬቱን በተቀበሉበት ቀን ወይም በማግስቱ ጎማ አይቀይሩ፣ ጎማዎቹን አያፈራርቁ፣ ንፋስም አይሙሉ። ምርመራው የሚጠቅመው መኪናው በዕለቱ የነበረበትን ሁኔታ ካሳየ ብቻ ነው። በፎቶ የሚቀመጡት እነዚህ ናቸው፦

1. የአራቱም ጎማዎች ጎን ላይ የተጻፈው መጠን፣ ለምሳሌ 225/60 አር 17። የፊትና የኋላው የተለያየ ሆኖ ከተገኘ ለብቻው ይመዝገብ።
2. በሾፌሩ በር መቃን ላይ የተለጠፈው የፋብሪካ ምልክት። መኪናው የተሠራበትን የጎማ መጠንና የንፋስ ልክ ይናገራል።
3. ማይል ቆጣሪው።
4. የጎማው ጥርስ ጥልቀት። መለኪያ ከሌለ የአንድ ሳንቲም ፔኒ የሊንከንን ጭንቅላት ወደታች አድርጎ ጥርሱ ውስጥ ማስገባት ነው፤ የፀጉሩ ጫፍ ሙሉ ለሙሉ ከታየ ጥርሱ 1.6 ሚሊሜትር ደርሷል ወይም አልፎታል።
5. ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ያለው የንፋስ ልክ።

ስፒዶሜትር ለምን ይሳሳታል?

መኪናው ፍጥነቱን በቀጥታ አያውቀውም። ካምቢዮው ውስጥ ወይም ጎማዎቹ ጋ ያለ ሴንሰር ዙር ይቆጥራል፤ ኮምፒዩተሩ ደግሞ አንድ ዙር ይህን ያህል ርቀት ነው ብሎ ፋብሪካው በሰጠው ቁጥር ያባዛል። ስለዚህ የጎማው ቁመት ከተቀየረ ስሌቱ ይፋለሳል። ጎማው ከፋብሪካው ከበለጠ መኪናው በአንድ ዙር ብዙ ይሄዳል፣ ስፒዶሜትሩ ግን የድሮውን ያሳያል፤ እርስዎ 65 እያዩ ከ65 በላይ ይነዳሉ። ካነሰ ተቃራኒው ነው።

ልዩነቱን በወረቀትና እስክሪብቶ ማወቅ ይቻላል። የመጀመሪያው ቁጥር (ስፋቱ) በሁለተኛው መቶኛ ተባዝቶ በሁለት ይባዛል፤ የቸርኬው ኢንች ደግሞ በ25.4 ተባዝቶ ይደመርበታል። መጨረሻው የጎማው ቁመት በሚሊሜትር ነው።

የበሩ ምልክት 215/55 አር 17 ቢል፣ 215 ሲባዛ በ0.55 118.25 ነው፤ በሁለት 236.5። 17 በ25.4 ደግሞ 431.8። ድምሩ 668.3 ሚሊሜትር። አሁን የተገጠመው 225/60 አር 17 ከሆነ በዚያው ስሌት 701.8 ይመጣል። 701.8 ለ668.3 ሲካፈል 1.05 ነው። ይህ መኪና ስፒዶሜትሩ ሌላ ስሕተት ከሌለበት 5 በመቶ አሳንሶ ያሳያል፤ 70 ሲል 73.5 እየሄደ ነው። ያገለገለ ጎማ በርካሽ ሲገኝ «ይገባል፣ ችግር የለውም» እየተባለ የሚገጠመው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ዓይነት ልዩነት ያለው ነው።

የጥርስ ማለቅም ይቆጠራል። አዲስ ጎማ ባብዛኛው 8 ሚሊሜትር ያህል ጥርስ አለው፤ 1.6 እስኪደርስ ሲያልቅ የጎማው ቁመት ወደ 13 ሚሊሜትር ይቀንሳል፣ ይህም 2 በመቶ ገደማ ነው። አቅጣጫውን ግን አይሳቱ፤ ያለቀ ጎማ ስፒዶሜትሩን አብዝቶ እንዲያሳይ ያደርገዋል። ስለዚህ «ጎማዬ ያለቀ ስለነበር ነው» የሚል ሰው ራሱን እየጎዳ ነው። ይልቅ ያለቀውን ጥሎ አዲስ ያስገጠመ ሰው በማግስቱ በዚያው የስፒዶሜትር ቁጥር ላይ ከአንድ ማይል በላይ ጨምሮ እየነዳ ነው። የንፋስ ማነስ በራዲያል ጎማ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ስለሆነ ዳኛ ፊት የሚወራ አይደለም።

አሁን ደስ የማይለው እውነት። ጎማው የፋብሪካው ከሆነ ስፒዶሜትሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው ወደ ላይ ነው። በአውሮፓና በብዙ አገሮች የሚሠራበት የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 39 ስፒዶሜትር ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ እንዳያሳይ ይከለክላል፤ አብዝቶ ቢያሳይ ግን እስከ 10 በመቶ ሲደመር በሰዓት 4 ኪሎሜትር ይፈቅዳል። አሜሪካ ለቤት መኪና እንዲህ ያለ የፌዴራል ደንብ ዛሬ የላትም፤ የነበረውም በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተሰርዟል። ሆኖም ኩባንያዎቹ እዚህም ወደ ላይ አድልተው መሥራታቸው የተለመደ ነው። ስለዚህ ዳሽቦርዱ 65 ሲል ስልኩ 63 ቢል አይገረሙ። እንዲህ ያለ መኪና ለተከሳሽ አይመሰክርም።

ገንዘብ ሳያወጡ ራስዎ ይለኩ

የሚለካው ሰው ሾፌሩ መሆን የለበትም። አጠገብዎ የሚመዘግብ ሰው ይኑር።

በጂፒኤስ፦ ጉግል ማፕስ ወይም ዌዝ ፍጥነት ያሳያሉ፤ አሃዱ ማይል መሆኑን ያረጋግጡ። ሜዳማ፣ ቀጥ ያለና ሰማዩ የተገለጠ መንገድ ይምረጡ። ክሩዝ ኮንትሮልን (ፍጥነቱን በአንድ ልክ የሚይዘውን) በ35፣ በ45፣ በ55 እና በ65 ላይ እያስያዙ፣ ቁጥሩ ከረጋ በኋላ ቢያንስ 20 ሰከንድ ቆይተው ሁለቱን ያስመዝግቡ። ጂፒኤስ ፍጥነት ሲጨምሩና ሲቀንሱ ወደኋላ ይቀራል፤ በዋሻ ውስጥና በፎቅ መሐል ይዘባርቃል። በቋሚ ፍጥነት ግን ስሕተቱ ከአንድ ማይል በታች ነው። ቲኬት ባገኙበት ፍጥነት ለመሞከር 80ና 85 አይንዱ። የጎማ ስሕተት በመቶኛ ስለሆነ ከ65 ተነስቶ ማስላት ይቻላል።

በሰዓት ቆጣሪ፦ በኢንተርስቴት ዳር ያሉት የማይል ምልክቶች ይበቃሉ። 60 ላይ ክሩዝ አስይዘው 5 ማይል ይሂዱ፤ ጓደኛዎ ምልክቱ ልክ ከፊት መቀመጫው መስኮት ሲያልፍ ይጀምር፣ አምስተኛው ላይ ያቁም። ትክክለኛው 300 ሰከንድ ነው። ሌላ ከመጣ 18,000ን ለሰከንዱ ማካፈል ነው። 286 ሰከንድ ከሆነ 62.9 ማይል ነበር፤ ስፒዶሜትሩ አሳንሶ ያሳያል። 310 ከሆነ 58 ነበር፤ አብዝቶ ያሳያል። በአንድ ማይል ብቻ የሚለካ ሰው አንድ ሰከንድ ቢዘገይ የአንድ ማይል ስሕተት ያገኛል፤ በአምስት ማይል ግን ያቺ ሰከንድ ወደ 0.2 ማይል ትወርዳለች። አንዳንዱ ምልክት ከቦታው ትንሽ ፈቀቅ ስለሚል በመልሱም ይለኩ።

በኦቢዲ መሰኪያ (የመኪናው ኮምፒዩተር በሚፈተሽበት) የሚነበበውን ፍጥነት እንደ ሦስተኛ ምስክር አይቁጠሩት። ያ ቁጥር ኮምፒዩተሩ ከዚያው ሴንሰር የሠራው ነው፤ ጎማው ተሳስቶ ከሆነ አብሮ ይሳሳታል። ማይል ቆጣሪውም ስፒዶሜትሩን አይወክልም፤ ርቀቱ ልክ ሆኖ ፍጥነቱ ወደ ላይ ያጋደለባቸው መኪኖች ሞልተዋል።

ውጤቱ ስፒዶሜትሩ ልክ ነው ወይም ያበዛል ካለ፣ በመሐላ ወረቀት ላይ ገንዘብ አያባክኑ። በራስዎ ላይ ማስረጃ የማቅረብ ግዴታ የለብዎትም። ሁለት፣ ሦስት ማይልና ከዚያ በላይ ካሳነሰ ስፒዶሜትር ወደሚለካ ሱቅ ይሂዱ።

በመሐላ የተረጋገጠው ምርመራ

የራስዎ የስልክ ፎቶና ማስታወሻ 46.2-942 የሚለውን አያሟላም። ሕጉ የሚለው በመሐላ የተረጋገጠ ሪፖርት ስለሆነ የለካው ሰው ፈርሞ፣ ፊርማውም በኖተሪ (ፊርማና መሐላ በሚያረጋግጥ ሰው) ፊት በመሐላ መሆን አለበት። ሲደውሉ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ለፍርድ ቤት የሚሆን፣ በኖተሪ የተረጋገጠ ትሰጣላችሁ?» የሚል ነው። ብዙ ጋራዥ ይለካል፤ ኖተሪ ያለው ግን ጥቂቱ ነው።

መኪናዎ በአራቱም ጎማ የሚነዳ ከሆነ ይህንንም በስልክ ይንገሩ። ሁለት ጎማ ብቻ በሚያሽከረክር ሮለር (መኪናው ቆሞ ጎማው የሚዞርበት መለኪያ) ላይ ሊወጣ አይገባም፣ ካምቢዮውን ይጎዳል። አራቱንም የሚይዝ ሮለር ወይም በመንገድ ላይ በጂፒኤስ መሣሪያ የሚለካ ሱቅ ይፈልጉ።

ወረቀቱን ሲቀበሉ እዚያው ቆመው ያንብቡት። የመኪናው ዓይነትና ዓመት፣ ሙሉው ቪን (የመኪናው መለያ) ቁጥር፣ ታርጋው፣ ማይል ቆጣሪው፣ የተገጠመው ጎማ መጠን፣ የተለካበት ዘዴና ቀን፣ የለካው ሰው ስምና ፊርማ፣ የኖተሪው ማህተም ይኑሩበት። ውጤቱ በሰንጠረዥ ይሁን፤ ስፒዶሜትሩ 25፣ 35፣ 45፣ 55፣ 65 ሲል እውነተኛው ስንት እንደሆነ። «ስፒዶሜትሩ 4 ማይል ይሳሳታል» የሚል አንድ መስመር ዳኛውን ወደ ጥያቄ ይመራዋል፤ በየትኛው ፍጥነት? ወደ ላይ ወይስ ወደ ታች? የቪን አንድ አሃዝ ከተሳሳተ ደግሞ ወረቀቱ የሌላ መኪና ነው። ዋናውን ለፍርድ ቤት፣ ሁለት ቅጂ ለራስዎ ያድርጉ።

ከምርመራው በኋላ ትክክለኛውን ጎማ ያስገጥሙ ወይም ኮምፒዩተሩን ያስተካክሉ፤ ደረሰኙንም ከወረቀቱ ጋር ያያይዙ። ችግሩ ተገኝቶ መታረሙ ቅጣት ሲመተር ይጠቅማል። ቅደም ተከተሉ ግን አይገለበጥ፤ ካስተካከሉ በኋላ ያስለኩት መኪና ልክ ነው ተብሎ ይወጣል።

ከላይ ያለውን 5 በመቶ ይዘን ወደ ቲኬቱ እንመለስ። 65 በሚፈቀድበት ራዳር 86 አንብቧል እንበል። ያ አሽከርካሪ ዳሽቦርዱ ላይ ያይ የነበረው 86 ለ1.05፣ ማለትም 82 ገደማ ነው። 86 ከሄደ ሬክለስ ነው፤ 82 ግን 17 ማይል ያለፈ ተራ ጥፋት ነው። ወረቀቱ ሥራውን የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። በአንጻሩ ራዳሩ 95 ያነበበበት ሰው 5 በመቶው ሲቀነስለትም 90 ላይ ነው፤ ከሁለቱም መስመር በላይ ሆኖ ይቀራል።

የፖሊሱ መሣሪያ

አንቀጽ 46.2-882 የራዳሩን ወይም የሌዘሩን ልክነት የሚያሳየው የምስክር ወረቀት ከ6 ወር በላይ ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል። ፖሊሱ ይዞት ሲመጣ የሚታየው ቀኑ ነው፤ ከወረቀቱ ቀን እስከ ቆሙበት ቀን ይቁጠሩ። የሚቆጠረው እስከ ችሎቱ ቀን አይደለም። ወረቀቱ ጊዜው ካለፈ ወይም ከሌለ መቃወም ያለብዎት ፖሊሱ የተነበበውን ፍጥነት መናገር ሲጀምር ነው። ዳኛው ከወሰነ በኋላ ማንሳት ዝናብ ካባራ በኋላ ጃንጥላ መዘርጋት ነው።

ራዳር ቱኒንግ ፎርክ በሚባል ባለ ሁለት ጣት ብረት ይፈተሻል፤ ሲመታ ራዳሩ በብረቱ ላይ የተጻፈውን ፍጥነት ማንበብ አለበት። ፖሊሱ በዕለቱ ከሥራው በፊትና በኋላ ፈትሾ እንደሆነ ይጠየቃል። በሚንቀሳቀስ መኪና ላይ ያለ ራዳር ከሆነ አንድ ጠቃሚ ጥያቄ አለ፤ ራዳሩ ያሳየውን የራሱን የፓትሮል መኪና ፍጥነት ከስፒዶሜትሩ ጋር አስተያይቷል ወይ? ራዳሩ የፓትሮሉን ፍጥነት አሳንሶ ካነበበ የቀረው ከፊት በሚመጣው መኪና ላይ ይደመራል። «ፖሊሱ በጎን አንግል ላይ ነበር» የሚለው ግን ደካማ መከራከሪያ ነው፤ ቆሞ የሚለካ ራዳር አንግሉ ሲሰፋ የሚያነበው ከእውነተኛው ያነሰ ነው፣ ይህም ለአሽከርካሪው ያደላል።

ሌዘር ጨረሩ ጠባብ ስለሆነ የሌላ መኪና ነው የሚለው ክርክር በቀላሉ አይሠራበትም። ከኋላ ተከትሎ በራሱ ስፒዶሜትር ለክቶ ከሆነ ግን ጥያቄው ይበዛል፦ ለምን ያህል ርቀት ተከተለ? በመካከላቸው ያለው ርቀት ሳይሰፋና ሳይጠብ ነበር? የፖሊስ መኪናው ስፒዶሜትርስ መቼ ተለካ?

በችሎት ቀን

አስተርጓሚ ከፈለጉ ከቀጠሮው ቀናት አስቀድመው ለፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ይደውሉና የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ። የአክስት ልጅ ይዞ መሄድ አያዋጣም። እንግሊዝኛዎ ለሥራ ቢበቃም «ኢንዲኬትድ» (ስፒዶሜትሩ ያሳየው) እና «አክቹዋል» (እውነተኛው) በሚባሉ ቃላት ላይ ነገር ሲዞር ማየት የተለመደ ነው።

አንዳንድ ፍርድ ቤት ስልክ አያስገባም። ፎቶ፣ ሰንጠረዥ፣ ደረሰኝ፣ የዲኤምቪ መዝገብዎ፣ ሁሉም ታትሞ በእጅ ይሁን። ከቀጠሮው ሰዓት በፊት ይድረሱ፤ ብዙ ጊዜ ችሎቱ ከመጀመሩ በፊት ፖሊሱን ወይም ዐቃቤ ሕጉን በትሕትና አነጋግሮ ወረቀቱን ማሳየት ይቻላል። ጉዳዩ ወደ ዝቅተኛ ጥፋት የሚወርደው ባብዛኛው እዚያች ደቂቃ ላይ ነው። ፖሊሱ አይመጣም ብሎ ተስፋ ማድረግ አይበጅም፤ የአንድ ፖሊስ ቲኬቶች በአንድ ቀን ስለሚቀጠሩ አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል፣ ቢቀርም ዳኛው ቀጠሮ ሊለውጥ ይችላል።

ከመቅረብዎ በፊት አንዱን መንገድ ይምረጡ። አንደኛው ሙሉ ለሙሉ መካድና ከሳሽ ያስረዳ ማለት ነው። ሁለተኛው ጥፋቱን ተቀብሎ እንዲቀንስ መጠየቅ ነው። የስፒዶሜትር ወረቀት በተፈጥሮው ለሁለተኛው ይሆናል፤ «እኔ ያየሁት 82 ነው» ያለ ሰው 65 ላይ 82 መንዳቱን አምኗልና። እግር ሁለት ነው ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ክደው የሚከራከሩ ከሆነ ፖሊሱ ምስክርነቱን እስኪጨርስና ማስረጃው ጉድለት አለው የለውም እስኪታወቅ ወረቀቱን አያውጡ።

ሁለተኛውን ከመረጡ አጭር ይናገሩ። የምርመራ ውጤት እንዳለዎት፣ ስፒዶሜትሩ ስንት በመቶ እንደሚያሳንስ፣ ምክንያቱ ጎማው መሆኑን፣ አሁን መታረሙን። መቸኮልን፣ ሁሉም እንደዚያ ይነዳ እንደነበር፣ ፖሊሱ ለምን እርስዎን እንደመረጠ አያንሱ። ከዚያ ዳኛው መዝገብዎን ያያል። ሬክለስ ወደ ተራ የፍጥነት ጥፋት ወይም በአንቀጽ 46.2-869 ወደ «ኢምፕሮፐር ድራይቪንግ» ሊወርድ ይችላል፤ ይህ ወንጀል ያልሆነ፣ 3 ፖይንት ያለውና ቅጣቱ ከ500 ዶላር የማያልፍ ነው። የ8 ሰዓት የአሽከርካሪ ትምህርት አስቀድሞ ወስዶ የምስክር ወረቀቱን ይዞ መቅረብም ያግዛል።

ሬክለስ የተጻፈበት ሰው፣ በተለይ ዜግነት ያልወሰደ ወይም ማመልከቻ ያስገባ ከሆነ፣ ጠበቃ ይያዝ። የወንጀል ጥፋተኝነት በኢሚግሬሽን ቅጾች ላይ ይጠየቃል። በኡበርና በሊፍት የሚሠራ ሰውም ማጣሪያው ሬክለስን ከተራ ቲኬት ለይቶ እንደሚያይ ይወቅ። የሜሪላንድ ወይም የዲሲ መንጃ ፈቃድ ይዞ «እዚያ አይደርስም» ማለትም አይሠራም፤ ግዛቶቹ ጥፋቱን ይለዋወጣሉ።

የከባድ መኪና ሾፌሮች

ሲዲኤል (የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ያለው ሰው ሒሳቡ ሌላ ነው። ከተፈቀደው 15 ማይልና ከዚያ በላይ ማለፍ በፌዴራል ደንብ «ከባድ ጥፋት» ይባላል፤ በንግድ መኪና በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ከሆነ 60 ቀን፣ ሦስት ከሆነ 120 ቀን ከሥራ ያግዳል። ለእሱ ወሳኙ መስመር 20 ሳይሆን 15 ነው፤ ወረቀቱ 16ን ወደ 14 ካወረደ እንጀራውን አዳነ ማለት ነው። የቤት መኪናውን ሲነዳ ያገኘውም ቢሆን «ትምህርት ውሰድና ይሰረዝልሃል» የሚባለው መንገድ ለእሱ ዝግ ነው፤ ግዛቶች የሲዲኤልን ጥፋት መሸፈን በፌዴራል ደንብ ተከልክለዋል። ለንግድ መኪና ደግሞ ስፒዶሜትሩ በ50 ማይል ላይ ከ5 ማይል በላይ መሳሳት የለበትም። ከዚያ በላይ የሚያሳይ የምርመራ ወረቀት ማቅረብ መኪናው ከደንብ ውጭ እንደነበር ማስመስከርም ነው፤ የኩባንያው መኪና ከሆነ አስቀድሞ ከባለቤቱ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።

ውሳኔው ካልጣመዎት

ጉዳዩን መጀመሪያ ከሚያየው ከጄኔራል ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ውሳኔ ላይ በ10 የካላንደር ቀን ውስጥ ወደ ሰርኪት ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ ቅዳሜና እሑድም ይቆጠራሉ። ጉዳዩ እዚያ እንደገና ከዜሮ ይታያል፤ ፖሊሱ ይመሰክራል፣ የስፒዶሜትሩ ወረቀትም እንደ አዲስ ይቀርባል። ስለዚህ ዋናውን ወረቀት መጀመሪያው ፍርድ ቤት አስቀርቶት እንደሆነ ከችሎቱ ሳይወጡ ጸሐፊውን ጠይቀው ይረዱ።